የጅማ ቡና በማን ሶፍትዌር ይመዘገባል?

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ደንብ የጅማን ቡና ሳይታሰብ የሶፍትዌር ጉዳይ አደረገው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ደንብ ቁጥር 2023/1115 እንደሚለው ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለ መሬት ላይ የበቀለ ቡና አውሮፓ አይገባም። አስገቢው ኩባንያም ቡናው የተለቀመበትን ማሳ ሁሉ በካርታ ማሳየት አለበት። ማሳው ከ4 ሄክታር ከበለጠ ዙሪያው ይለካል፤ ከዚያ ካነሰ አንድ ነጥብ ይበቃል። ነጥቡ ግን ከዴሲማል በኋላ ስድስት አኃዝ ባለው ኬክሮስና ኬንትሮስ መጻፍ አለበት። የተፈጻሚነቱ ቀን ሁለት ጊዜ ተገፍቶ አሁን ለትልልቆቹ ኩባንያዎች ዲሴምበር 30 ቀን 2026፣ ለአነስተኞቹ ጁን 30 ቀን 2027 ላይ ቆሟል። ቀኑ ቢገፋም ልኬታው አልቆመም። ወደ ጎማ፣ ማና፣ ጌራ ወይም ሊሙ ኮሳ ወረዳ ብትወጡ ስልክ ይዞ ከቡናው ሥር ጎንበስ ቀና የሚል ወጣት ታገኛላችሁ። የገበሬውን ስም፣ ስልክ ቁጥርና የማሳውን ነጥብ እየመዘገበ ነው።

ያ መዝገብ የት ይገባል? በማን ሶፍትዌር ተይዞ፣ በማን ሰርቨር አድሮ፣ በማን ፈቃድ ይወጣል? በሶፍትዌር ሙያ ያለን ሰዎች ጅማ ላይ ስንገናኝ ክርክሩ ቶሎ ብሎ «ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ይሻላል ወይስ የሚከፈልበት?» ወደሚለው ይዞራል። እኔ የክርክሩ ግማሽ ከንቱ ነው ባይ ነኝ። ቡና አብቃይን ከተማ የሚያሳስቡት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ያስገባነውን መረጃ በፈለግን ጊዜ ይዘን መውጣት እንችላለን ወይ? ሲበላሽስ እዚሁ የሚጠግነው ሰው አለ ወይ? የኮዱ ክፍት መሆን ለሁለቱም ይረዳል፤ ብቻውን ግን ለአንዱም ዋስትና አይሆንም።

ስለ ዋጋ አስቀድሜ ልጨርስ። ኦፕን ሶርስን የሚሰብኩ ሰዎች «ገንዘብ አይጠይቅም» ብለው ሲጀምሩ እኛ ዘንድ ሰሚ አያገኙም፤ የሚከፈልበትም ቢሆን አይከፈልበትማ። ከፈረንጅ አራዳ እስከ ሂርማታ፣ በየትኛውም ከተማችን እንደሚደረገው፣ ዊንዶውስና ኦፊስ፣ ፎቶሾፕም ቢሆን፣ ክራክ ተደርጎ በፍላሽ ይጫናል። የሚከፈለው ለጫነው ልጅ ድካም ነው። ስለዚህ ኦፕን ሶርስ የሆነው ሊኑክስ ከዊንዶውስ ጋር የሚወዳደረው በዋጋ ሳይሆን በልማድ ነው፤ በልማድ ደግሞ ተሸንፏል። ነገሩ የሚለወጠው ሶፍትዌሩ ከጠረጴዛችን ላይ ተነሥቶ ሰርቨር ላይ ሲቀመጥ ነው። ሰርቨር ላይ ያለ አገልግሎት ክራክ አይደረግም። በየወሩ በዶላር ይከፈልበታል፤ ሳይከፈል ከቀረ ይዘጋል። የቡናው መዝገብ ያለውም እዚያ ነው።

አሁን በሥራ ላይ ያሉትን መሣሪያዎች ከታች ወደ ላይ እንያቸው። ከሁሉ ሥር ያሉት፣ በዘገባ ላይ ማንም የማይጠቅሳቸው ግን ሁሉም የሚሠራባቸው፣ ኤክሴልና ቴሌግራም ናቸው። የመሠረታዊ ማኅበሩ ጸሐፊ ቀን የእሸት ቡናውን ሚዛን በደረሰኝ ይዞ ይውላል፤ ማታ ወደ ኤክሴል ያስገባል፤ ፋይሉን በቴሌግራም ለዩኒየኑ ይልካል። ይህን የሚንቅ ፕሮግራመር የቡና ማጠቢያ ጣቢያ በኅዳር ወር ምን እንደሚመስል አላየም። ወረፋው ረጅም ነው፤ መብራት ይሄዳል፤ ቡናው ደግሞ ሳይፈለፈል ማደር የለበትም። ኤክሴል የሚያስቸግረው ሌላ ጋ ነው። መሐመድ የሚባል ገበሬ አንድ ጊዜ በቁቤ፣ አንድ ጊዜ እንደ እንግሊዝኛ አጻጻፍ፣ አንድ ጊዜ በፊደል ይመዘገባል፤ በሰነዱ ላይ ሦስት ገበሬ ይሆናል። አባ ብሎ የሚጀምር የማዕረግ ስም ሲጨመርበት አራት። የትኛውም ውድ ሲስተም ይህን አልፈታውም፤ የፈታው በየቀበሌው ሰዉን በመልክ የሚያውቀው ጸሐፊ ነው።

ከዚያ በላይ የመስክ መመዝገቢያዎቹ አሉ። ኦዲኬ በ2008 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ፤ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ ድጋፍ ጥናት ተቋም ያደገው ኮቦ ደግሞ በእሱ መሠረት ላይ ተሠራ። ሁለቱም ኮዳቸው ክፍት ነው፤ ሁለቱም ኔትወርክ በሌለበት መዝግበው ከተማ ሲገቡ ይልካሉ። ኦዲኬ ቀን ሲያስሞላ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ማሳየት ይችላል። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ጳጉሜን የማያውቅ ሶፍትዌር ላይ የሠራ ሰው ግን ትንሽ አይላትም፤ ገበሬው ማሳውን ያቀናበት ዓመት ወደ እ.ኤ.አ. ሲለወጥ የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነት ከተሳሳተ ከ2020 በፊት የነበረው ማሳ ከ2020 በኋላ ሊሆን ይችላል። በ2020 ክረምት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ በስልካቸው ውስጥ መሥራት የቀጠሉት እንደነዚህ ያሉት መሣሪያዎች ነበሩ። ሁልጊዜ ሰርቨር ካላገኘሁ አልከፈትም የሚል አፕ ለበርሊን የተሠራ እንጂ ለበለጠ ጌራ ደን የተሠራ አይደለም።

የነገሩ ከባዱ ክፍል ካርታው ላይ ነው፤ እዚህ ትንሽ ልቆይ። ደንቡ የጠየቀው ስድስት አኃዝ በመሬት ላይ ሲተረጎም ወደ 11 ሴንቲሜትር ይመጣል። ስልክ ግን ገላጣ ሜዳ ላይ እንኳ ጥቂት ሜትር ይስታል፤ በዋንዛ፣ በብርብራና በሰሳ ጥላ ሥር ስህተቱ ዐሥር ሜትር ሊደርስና ሊያልፍ ይችላል። ሩብ ሄክታር ማሳ አራት ማዕዘን ነው ቢባል ጎኑ 50 ሜትር ነው። ዐሥር ሜትር ማለት የጎኑ አንድ አምስተኛ ነው፤ ነጥቡ ከገበሬው ማሳ ወጥቶ ጎረቤቱ ወይም ደኑ ውስጥ ያርፋል። አፑ ግን ስድስቱንም አኃዝ ያለ አንዳች ሐፍረት ይጽፋቸዋል፤ የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ሥርዓትም አኃዞቹን ቆጥሮ ይቀበላል። ትክክል የሆነው አጻጻፉ ነው፤ ቦታው ላይሆን ይችላል።

ነጥቡ ከተወሰደ በኋላ ከደን ካርታ ጋር ይመሳከራል። ብዙዎቹ ሲስተሞች የሚነሡት የኅብረቱ የጥናት ማዕከል ካዘጋጀው የ2020 የደን ሽፋን ካርታ ነው፤ በ10 ሜትር ጥራት ዓለምን በሙሉ ይሸፍናል። ሳተላይቱ የሚያየው ከላይ ነው። ከላይ የሚታየው የጥላው ዛፍ እንጂ ከሥሩ ያለው ቡና አይደለም። በደንቡ ትርጉም መሠረት በዋናነት ለእርሻ የዋለ መሬት፣ ጥላ ዛፍ ያለውም ቢሆን፣ ደን አይባልም። ካርታው ግን ይህን መለየት ይቸግረዋል። በጅማ ዙሪያ ደግሞ የደን ቡና፣ የከፊል ደን ቡናና የጓሮ ቡና ድንበር ሳይኖራቸው አንዱ በሌላው ውስጥ ይቀጥላሉ። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነው፤ ጥላውን ጠብቆ ያቆየው የጌራ ገበሬ «ደን ውስጥ ነው» ተብሎ ሲጠረጠር፣ ከዓመታት በፊት ዛፉን ጨርሶ የቆረጠው ንጹሕ ይሆናል።

ለኦፕን ሶርስ ካሉኝ መከራከሪያዎች ሁሉ ጠንካራው እዚህ ላይ ነው። ውድ የሆኑት የንግድ ሲስተሞች ማሳውን አይተው ቀይ ወይም አረንጓዴ ይላሉ። ለምን ቀይ ሆነ ብትሉ መልሱ የኩባንያው ምስጢር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ዊስፕ የተባለ ክፍት መሣሪያ አለው፤ የአንድ ካርታ ፍርድ ብቻ ይዞ አይወስንም፤ ብዙ ካርታዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው ምን እንዳለ ያሳያል። ይህ ካርታ ደን ነው ብሎታል፣ ያኛው ቡና ነው ብሎታል፤ ስሌቱ ይኸውላችሁ ይላል። በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀ ማንኛውም የጅማ ልጅ ኮዱን ከፍቶ «ይህ ማሳ በስህተት ነው የወደቀው» ብሎ መከራከር ይችላል። ገበሬ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የተከሰሰበትን ጭብጥ የማወቅ መብት አለው። ቡናውን ገበያ የሚያሳጣ ሶፍትዌር ከዚህ ባነሰ መታየት የለበትም።

ይህ ሁሉ አዲስ ይምሰል እንጂ ቡናችንን በኮምፒውተር ለመከታተል የመጀመሪያው ሙከራ አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ሥራ ጀምሮ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቡና ግዴታ በእሱ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ጅማ፣ ቦንጋ፣ በደሌ መጋዘን ተከፈተ። ገበያው ለዋጋ መረጃ ያደረገውን መካድ አይገባም፤ አጋሮ ያለ አቅራቢ የዕለቱን ዋጋ ማወቅ ቻለ። ግን ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተደባለቀ ሲሸጥ የማን ቡና እንደሆነ ጠፋ፤ ልዩ ቡና የሚሹ ገዢዎች አጉረመረሙ። መፍትሔ ተብሎ በአሜሪካ የልማት ድርጅት ዩኤስኤይድና በሌሎች አጋሮች ድጋፍ በአይቢኤም የተሠራ የመከታተያ ሥርዓት መጣ፤ ጆንያው መለያ ተለጥፎለት ከጣቢያው እስከ መጋዘኑ ይከተሉት ጀመር። በ2017 አዋጅ ቁጥር 1051 ሲወጣ ግን መንገዱ ተቀየረ። አቅራቢና ላኪ በቀጥታ መተሳሰር ቻሉ፤ ቡናው ከምርት ገበያው ውጭ መጓዝ ሲበዛ በመጋዘኑ ዙሪያ የተሠራው መከታተያ የሚከታተለው አነሰ። ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ አልነበረም፤ ሕጉ ከሥሩ ወጣ። አንድ ሕግ ሲለወጥ አብሮ የማይለወጥ ሲስተም የሚገዛ ሰው ዕድሜው አጭር የሆነ ነገር እየገዛ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ሲለወጥ የኖረ ሲስተም ማየት የሚሻ ደግሞ ከቡናው ወጣ ብሎ ጤና ጣቢያ ይግባ። የጤና ሚኒስቴር መረጃ የሚሰበሰብበት ዲኤችአይኤስ 2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ ሥሩ ከአፓርታይድ ማግስት ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ዛሬ ከ70 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል። ኢትዮጵያ ሌሎች ሲስተሞች ሞክራ በ2017 እና 2018 ገደማ ወደ እሱ ዞረች። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል። አጋሮ ያለው የጤና መረጃ ባለሙያ የወር ሪፖርቱን በኅዳርና በታኅሣሥ ይሞላል እንጂ በጣቱ አይቆጥርም። የፋይዳ መታወቂያም የቆመው ሞሲፕ በተባለ፣ በ2018 ባንጋሎር ውስጥ በተጀመረ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። መንግሥት ትልልቆቹን ሥራዎቹን በክፍት ኮድ ላይ ሲያቆም ቡናውን ለምን በተዘጋ ላይ ያቆመዋል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ይመስለኛል።

ሆኖም ክፍት ኮድም ጠባቂ ይፈልጋል። ዩኤስኤይድ በ2025 መጀመሪያ ሥራው ሲታገድና በጁላይ በይፋ ሲዘጋ በብዙ አገሮች የጤና መረጃ ባለሙያዎች ደመወዝ አብሮ ቆመ። ኮዱ አልጠፋም፤ ማንም ሊያወርደው ይችላል። ሰርቨሩን የሚያድሰው፣ ሲወድቅ ሌሊት ተነሥቶ የሚያስነሣው ሰው ግን ከዕርዳታ በጀት ይከፈለው ነበር። የክፍት ኮድ ነገር እንዲህ ነው፤ ማንም አይነጥቃችሁም፣ ማንም ግን አይጠብቅላችሁም። በየቢሮው መስኮት «ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል የሰማ ሁሉ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ኮድ ሳይሆን ሰው እንደሆነ ይረዳዋል።

ስለ ፊደላችን አንድ ነገር ብቻ ብዬ ልለፍ። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደልን ሲያካትት የየፎንቱ ባለቤት እስረኛ ከመሆን ወጣን። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፉ ፋይሎችን ዛሬ ስንከፍት የሚታየን ዝብርቅርቅ ነው፤ ፎንቱ ካልተጫነ ጽሑፉ የለም። ባለቤትነቱ በአንድ ድርጅት እጅ ያለ አጻጻፍ ከድርጅቱ ጋር እንደሚያረጅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ወደ ቴክኖሎጂ ኩባንያዎቹ እንምጣ። እኔ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም፤ በየቀኑ በሥራቸው እንጀራ እበላለሁ። ግን አንድ ነገር ከተደጋገመ መማር ይገባል። ጉግል በ2018 የካርታ አገልግሎቱን ዋጋ ሲለውጥ ያለ ባንክ ካርድ መጠቀም ቀረ። ፕሮግራም የሚያስቀምጥ ሰርቨር የሚያከራየው ሄሮኩ በኖቬምበር 2022 ነጻ አገልግሎቱን ዘጋ፤ ስንት የተማሪ ፕሮጀክት በአንድ ሌሊት እንደጠፋ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂዎችን ጠይቁ። ሐሺኮርፕ የተባለው ኩባንያ ቴራፎርም የተባለውን መሣሪያውን በ2023 ከክፍት ፈቃድ አወጣው፤ ማኅበረሰቡም የመጨረሻውን ክፍት ኮድ ይዞ ኦፕንቶፉ ብሎ ቀጠለ። በዚህ መሃል ብር በጁላይ 2024 መጨረሻ ተንሳፈፈ። ከ57 ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ በወር 20 ዶላር የነበረ ሰርቨር ከ1,140 ብር ከ2,000 በላይ ሆነ። ሰርቨሩ ግን ያው ሰርቨር ነው። ለአብዛኛው የጅማ ፕሮግራመር ደግሞ ዋጋው ብቻ አይደለም ችግሩ። ውጭ የሚከፍል ካርድ ስለሌለው ሚኔሶታ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ይለምናል፤ ዘመዱ ሥራ የበዛበት ወር የማኅበሩ ሲስተም ይወድቃል።

ፕሮግራመሮች የኮዳቸውን ለውጥ የሚይዙበት ጊት የተወለደበት ታሪክም ከዚሁ ትምህርት ጋር ይሄዳል። የሊኑክስ አበልጻጊዎች ኮዳቸውን የሚይዙት ቢትኪፐር በተባለ የተዘጋ መሣሪያ ነበር፤ ባለቤቱ በነጻ ፈቅዶላቸው። በ2005 ፈቃዱን መልሶ ወሰደ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በጥቂት ቀናት ውስጥ የራሱን ጻፈ፤ ዛሬ የዓለም ፕሮግራመር ሁሉ የሚሠራበት ሆነ። እርግጥ እኛ ሁላችን ሊኑስ አይደለንም። አንድ ገዢ ፈቃዱን ቢነጥቀው የአጋሮ ማኅበር ጸሐፊ በሳምንት ውስጥ ሌላ ሊጽፍ አይችልም። የሚችለው ሌላ ነው፤ የመረጃውን ቅጂ በተራ ፋይል አስቀድሞ በእጁ ማድረግ። ጊትም እኛን የሚስማማን ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ ሙሉው ታሪክ አለ፤ ኢንተርኔት ቢጠፋ ሥራው አይቆምም። የጊት ኮድ በኢንተርኔት የሚቀመጥበት ጊትሃብ በ2018 በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ለማይክሮሶፍት ሲሸጥ ብዙ ሰው ደነገጠ። ኮዱን በየላፕቶፑ የያዘ ግን የሚደነግጥበት ብዙ ነገር አልነበረውም።

የተዘጋ ይሻላል የሚሉ ሰዎች «ባንኮች ለምን የተዘጋ ይገዛሉ?» ይላሉ። ማርች 2024ን አስታውሳቸዋለሁ። በ16ኛው ቀን ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሰዎች በሒሳባቸው ካለው በላይ እንዲያወጡ ፈቀደ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተሰራጨ፤ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም አንድ ተማሪ ያየውን ለቢቢሲ ተናግሯል። ባንኩ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ገለጸ፤ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተም ማሻሻያ የመጣ ስህተት ነው አለ። ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ በየቅርንጫፉ ተለጠፈ። ኮዱ ግን ዝግ ነው፤ ስህተቱ ምን እንደነበረ ውጭ ያለ ባለሙያ በራሱ ከፍቶ መመርመር አይችልም ነበር።

ለፍትሕ ያህል የዚያኑ ወር ሌላ ታሪክ ልጨምር። በ29ኛው ቀን አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የሰርቨር መግቢያ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ሲመረምር፣ ኤክስዜድ በተባለ ክፍት መሣሪያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የኋላ በር አገኘ። መሣሪያውን ለዓመታት የያዘው አንድ የደከመ በጎ ፈቃደኛ ነበር። በሩን የቀበረው ሰርጎ ገብ ከሁለት ዓመት በላይ እየረዳው እምነቱን አግኝቶ ነው የገባው። ክፍት ኮድ ከክፋት አያድንም። ልዩነቱ ፍሮይንድ ማንንም ሳያስፈቅድ ኮዱን መክፈት መቻሉ ነው። ዓለም ያመለጠው በዚያ ነው፤ በዕድልም ጭምር።

የመስጠትና የመነጠቅ ነገር ለቡና አገር አዲስ አይደለም። በ1930ዎቹ ከካፋና ከቤንች መካከል ከጌሻ አካባቢ የተለቀመ ዘር በኬንያና በታንዛኒያ በኩል ኮስታሪካ ደርሶ ፓናማ ገባ፤ በ2004 እስሜራልዳ የተባለው እርሻ በውድድር አሸንፎ የዓለምን ዋጋ ሰበረ። ጌሻ ላይ ያለ ገበሬ ከዚያ ጨረታ ምንም አላገኘም። በሌላ በኩል የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 ሲገባ የጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል መልኮ ላይ ሆኖ በ1974 ከመቱ አካባቢ ደን በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መረጠ፤ 74110 እና 74112 ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ዓመት ነው። ዘሩ ለገበሬ ተሠራጨ፤ ዛሬ ከሲዳማ እስከ ጉጂ ይበቅላል። ሁለቱም በክፍትነት የተሠራጩ ናቸው። አንዱ ግን የተወሰደው ያለ ስምምነት ነው፤ ሌላውን ያሠራጨው ዘሩን የሚያውቅ፣ በየዓመቱ የሚያሻሽል ተቋም ነው። የነጻ ሶፍትዌርን ንቅናቄ የመሠረተው ሪቻርድ ስቶልማን በ1980ዎቹ የጂኤንዩን ፈቃድ ሲጽፍ ያሰበው እንዲህ ያለውን በስምምነት መስጠት ነበር፤ ኮዴን ውሰዱ፣ ለውጡ፣ ሽጡ፤ ለውጣችሁን ስታሠራጩ ግን እናንተም ክፍት አድርጉ። አማዞን ኢላስቲክሰርች የተባለውን የፍለጋ ሶፍትዌር ወስዶ በሰፊው ሲሸጥ ኢላስቲክ በ2021 ፈቃዱን የለወጠው በዚሁ ቅሬታ ነው። ፈቃድ ሳያነቡ ኦፕን ሶርስ ማድረግ ጌሻን ማጣት ነው።

የመጨረሻው ነገር ብዙ ሰው የሚያደናግረው ነው፦ ኮዱ ይከፈት ማለት የገበሬው መረጃ ይከፈት ማለት አይደለም። የአንድ ሰው ስም፣ ስልክ፣ የፋይዳ ቁጥርና የማሳው ካርታ በአንድ ላይ ሲቀመጡ ማን ምን ያህል ቡና እንዳለው ያሳያሉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2024 ወጥቷል፤ ስምምነት ይጠይቃል፤ ዓላማ ይጠይቃል። መስክ ላይ ያለው ልማድ ግን ሩቅ ነው። አንዱን ማሳ ላኪው ይለካዋል፤ ዩኒየኑ ይለካዋል፤ ሰርተፊኬት ሰጪው መጥቶ እንደገና ይለካዋል። ሦስት ካርታ፣ ሦስት ሰርቨር። ገበሬው እጅ ላይ አንድም ቅጂ የለም። አንድ ማኅበር ውሉ ሲያልቅ መረጃውን ቢጠይቅ ያገኘው በፒዲኤፍ የታተመ ዝርዝር ነበር፤ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እንደገና በእጅ መክተብ ነበረበት። ላኪው መጥፎ ሰው ስለሆነ አይደለም። ማንም ስላልጠየቀው ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው። ለመስክ ምዝገባ ኦዲኬ ወይም ኮቦ ይበቃል፤ ለካርታ ኪውጂስ የተባለው ክፍት መሣሪያ ይበቃል፤ ለማጣሪያ ዊስፕን የመሰለ ክፍት መሣሪያ ይመረጥ፤ ለሽያጭና ለሒሳብ ግን የሚከፈልበትም ቢሆን ግድ የለኝም፤ ያመች እንጂ። የማልስማማበት አንድ ነገር አለ፤ ገንዘቡን ሁሉ ሶፍትዌር ለመግዛት አውጥቶ ለጠጋኙ ሰው ምንም አለማስቀረት። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ በቡና በሽታ ምስል፣ በገበያ መረጃ፣ በማኅበር ሒሳብ ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክት ያስሠራሉ፤ ፕሮጀክቱ ለመምህራን ቀርቦ ካለፈ በኋላ ኮዱ ፍላሽ ላይ ይቀራል። ከዚያ ውስጥ አንዱን መርጦ ሁለት ተመራቂ በደመወዝ ቀጥሮ ለሦስት ዓመት ማስጠገን ከአንድ የውጭ ሲስተም ዓመታዊ ክፍያ ላይበልጥ ይችላል።

ለከታ ሙዱጋ፣ ለሊሙ ኢናራ፣ ለኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየንና ለማኅበሮቻቸው ሊቀመንበሮች የምለው ይህን ነው። የሚቀጥለው የእሸት ወቅት ሳይጀምር ከላኪውም ሆነ ከሲስተም ሻጩ ጋር በምትፈርሙት ውል ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር አስገቡ፦ የአባሎቻችን ማሳ መረጃ በየወሩ፣ ሠንጠረዡ በሲኤስቪ፣ ካርታው በጂኦጄሰን ፋይል፣ ይሰጠናል፤ ውሉ ሲያልቅ ሙሉው ተሰጥቶን ከናንተ ሰርቨር ይጠፋል። እምቢ ካሉ አትፈርሙ፤ ቡናው የናንተ ነው።